ከፊደል በፊት ድምፅ፦ ስፓኒሽን በጆሮ ስለ መጀመር

በአገራችን አንድ የውጭ ቋንቋ ለመማር የቆረጠ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር መጽሐፍ መፈለግ ነው። መጽሐፉን ያገኛል፤ ደብተር ይገዛል፤ ገጹን ለሁለት ከፍሎ በግራ በኩል የባዕዱን ቃል፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙን ይጽፋል። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩ ይሞላል፤ አፉ ግን እንደ ተዘጋ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። እንግሊዝኛን የተማርነው እንዲህ ነው፤ ፊዚክስንም ቢሆን በአመዛኙ የምናስተምረው እንዲህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንሟገትለት የምንፈልገው ሐሳብ ከዚህ ልማድ ጋር ይጋጫል። ይኸውም ስፓኒሽን የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ በተቀረጸ ድምፅ እየተመራ፣ አፉን ከፍቶ ቢማር ይሻለዋል የሚል ነው።

የፊዚክስ መምህራንን በቋንቋ ትምህርት ምን ጥልቅ አደረጋቸው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። ንግግር የአየር ግፊት ለውጥ ነው፤ መርሳትም በጊዜ የሚለካ ክስተት ነው፤ ድምፅና ጊዜ ደግሞ ከእኛ ደጅ የራቁ ጉዳዮች አይደሉም። በዚያ ላይ ለሦስተኛ ዲግሪ በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ቤተ ሙከራውን የምንጋራቸው ባልደረቦች አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስለ ነበሩ፣ ስፓኒሽን በዚሁ መንገድ ሀ ብለን ጀምረናል።

ስፓኒሽን ለመማር ምክንያት የሚያጣ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። ቋንቋው ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በ20 አገሮች መንግሥታዊ ቋንቋ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዷ ኢኳቶሪያል ጊኒ የምትገኘው በራሳችን አህጉር ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳለፈው የማሻሻያ ፕሮቶኮል ስፓኒሽን ከይፋዊ ቋንቋዎቹ መካከል አስገብቶታል። ከዚህም በላይ ቋንቋው ከእኛ ጋር የቀረበ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው "ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ"፣ ማለትም የወጣቶች ደሴት፣ በተባለችው ደሴት ላይ አድገዋል፤ ተምረዋል። ከእነርሱ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር ሆነው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስፓኒሽን ያወቁት በሁለት ከተከፈለ ደብተር አይደለም። ወደ እነርሱ በኋላ እንመለሳለን።

በድምፅ የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደሚመስል ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ እንግለጽ። ቀድሞ በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ይደመጣል። አንዱ ክፍል 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል። ከዚያ አስተማሪው ድምፅ ከንግግሩ አንዱን ቃል ነጥሎ ያወጣና ይሰባብረዋል፤ የሚገርመው ግን መገንባት የሚጀምረው ከቃሉ መጨረሻ መሆኑ ነው። "አልገባኝም" ለማለት በስፓኒሽ "ኖ ኤንትዬንዶ" ይባላል። ድምፁ "ዶ" ይላል፤ ተማሪው ይደግማል። "ዬንዶ"፤ ይደግማል። "ኤንትዬንዶ"፤ ይደግማል። በዚህ አካሄድ ተማሪው ሁልጊዜ ከአዲሱ ተነሥቶ ወደሚያውቀው ይደርሳልና በቃሉ መሐል አይደናቀፍም፤ የቃሉም ዜማ አይሰበርም።

እስከዚህ ያለው መድገም ነው፤ መድገም ደግሞ ማንም የሚችለው ነገር ነው። ቁም ነገሩ ቀጥሎ ይመጣል። ድምፁ "እንዳልገባህ ንገረው" ይልና ዝም ይላል። ይህ የሦስት ወይም የአራት ሰከንድ ዝምታ የትምህርቱ ሁሉ ልብ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ተማሪው ቃሉን ከራሱ አእምሮ ፈልጎ ማውጣት አለበት፤ የሚያየው ጽሑፍ የለም፤ የሚቀዳበት ጓደኛ የለም። ትክክለኛው መልስ የሚሰማው እርሱ ከሞከረ በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ፣ ሌላ ቃል ሲያጠና ሐሳቡ ወደዚያ በሄደበት ሰዓት፣ ያው ጥያቄ በድንገት ይመለስበታል።

ይህ የጥያቄ መመላለስ በዘፈቀደ አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማስታወስ ባሳተመው ጥናት ነው። ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እያጠና የፈተነው ራሱን ነበር። የለካበት ዘዴ ብልኅነት የተመላበት ነው፤ "ምን ያህል አስታውሳለሁ?" ብሎ ሳይሆን "የረሳሁትን ዝርዝር እንደገና ለማጥናት ከመጀመሪያው ምን ያህል ያነሰ ጊዜ ይበቃኛል?" ብሎ ጠየቀ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የቆጠበው ጊዜ 58 በመቶ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ያህል፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ሆነ።

የፊዚክስ ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች ሲያይ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር መፍረስ ነው። እስቲ ይሞክረው። በየ20 ደቂቃው ካለው ላይ 58 በመቶው ብቻ የሚተርፍ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ቀን ውስጥ 72 ጊዜ 20 ደቂቃ አለና 0.58ን በራሱ 72 ጊዜ ማባዛት ነው። ውጤቱ ከነጥቡ በኋላ 17 ዜሮዎች የሚደረደሩበት ቁጥር ይሆናል፤ ማለትም በማግስቱ ምንም ባልቀረ ነበር። የተለካው ግን ሲሶ ያህል እንደሚተርፍ ነው። ስለዚህ የትውስታ ግማሽ ዕድሜ እንደ ዩራኒየም ቋሚ አይደለም፤ እየቆየ ይረዝማል። የመጀመሪያውን ሰዓት ያለፈ ትውስታ ከአዲሱ ይልቅ ጽኑ ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ቃሉ ሊጠፋ ሲል እየደረስን ብንጠራው፣ በሁለት ጥሪዎች መካከል ያለውን ጊዜ ምን ያህል እያራዘምን መሄድ እንችላለን?

አሜሪካዊው የቋንቋ ትምህርት ሊቅ ፖል ፒምስለር እ.ኤ.አ. በ1967 "ዘ ሞደርን ላንጉዌጅ ጆርናል" በተባለው መጽሔት ላይ ለዚህ ጥያቄ አንድ የጊዜ ሰሌዳ አቅርቧል። ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ 5 ሰከንድ፣ 25 ሰከንድ፣ 2 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 5 ሰዓት፣ 1 ቀን፣ 5 ቀን፣ 25 ቀን፣ 4 ወር፣ 2 ዓመት። ሂሳብ የሚወድ አንባቢ ነገሩን ሳይጠረጥር አልቀረም። እያንዳንዱ ጊዜ የቀደመው አምስት እጥፍ ነው። 5 በ5 ሲባዛ 25፣ እንደገና 125 ሰከንድ፣ ይህም ሁለት ደቂቃ ከጥቂት፤ ቀጥሎ 625 ሰከንድ፣ ይህም 10 ደቂቃ ከጥቂት፤ እያለ ይቀጥላል። አስረኛው 9,765,625 ሰከንድ ሲሆን ወደ 113 ቀን ይደርሳል፤ ሰሌዳው አራት ወር ብሎ አጠጋግቶታል። በአሥራ አንድ ጥሪ አንድን ቃል ሁለት ዓመት ያህል ማሻገር ይቻላል ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ግን እንደ ብርሃን ፍጥነት ቆጥሮ የሚያመልካቸው ካለ አልተረዳቸውም። አምስት እንጂ አራት ወይም ስድስት ለምን አልሆነም ብሎ መከራከር ብዙ ፍሬ የለውም፤ ሰውም ቃልም ይለያያል። ዋናው ነገር ርቀቱ እየተባዛ መሄዱና በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ተማሪው የሚጠየቅ እንጂ የሚነገረው አለመሆኑ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ በሚገባ አሳይተውታል። አንድ አጭር ጽሑፍ ካነበቡ ተማሪዎች ከፊሎቹ ጽሑፉን እንደገና አነበቡት፤ ከፊሎቹ ግን ሳያዩት ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ያልደገሙት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ ከአእምሯቸው ለማውጣት የታገሉት 56 በመቶ። በፈተና ዋዜማ ደብተሩን አምስት ጊዜ የሚያገላብጥ ተማሪ ጠዋት ላይ ለምን እንደሚደፋፈር፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ለምን ባዶውን እንደሚገኝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ክርክሩ ይበልጥ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው።

ስፓኒሽ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት። እኛ ሰባት አሉን። የስፓኒሽ አምስቱ ከካዕብ፣ ከሣልስ፣ ከራብዕ፣ ከኃምስና ከሳብዕ ድምፆቻችን ጋር ይቀራረባሉ፤ ግዕዝና ሳድስ ትርፍ ናቸው። እንግሊዞችን የሚያስቸግረው "ኝ" ለእኛ የአፍ መፍቻ ነው፤ "ሴኞር" የሚለውን "ዳኛ" ያለ ሁሉ ይለዋል፤ ማኛ ጤፍ የገዛ ሰውም "ነገ" ለማለት "ማኛና" የሚለውን ቃል ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። ስፓኒሽ በቃል መጀመሪያ ላይ "ስ"ን ከሌላ ተነባቢ ጋር አጣብቆ መጥራት አይወድም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤትን "ኤስኩዌላ" ይላል። የእኛም ሰው የእንግሊዝኛውን ቃል "እስኩል" የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ግሡም እንደ እኛው ባለቤቱን በሆዱ ይዟል። "ኤንትዬንዶ" ለማለት "እኔ" ማለት አያስፈልግም፤ "ተረዳሁ" ለማለትም አያስፈልገንም።

"ረ"ን ደግሞ እንመልከት። ስፓኒሽ ሁለት "ረ" አለው። አንደኛው ምላስ ላንቃን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለ20 ሚሊ ሰከንድ ያህል፣ ነካ አድርጋ የምትለቅበት ነው። ሁለተኛው ምላስ የምትርገበገብበት ነው፤ ይህን ርግብግቢት ጡንቻ አያንቀሳቅሰውም። ከሳንባ የሚወጣው አየር በጠባቡ ቀዳዳ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ይሳባል፤ መንገዱ ሲዘጋ ግፊቱ ተመልሶ ይገፋዋል፤ በሰከንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ። "ፔሮ" በላላው "ረ" "ግን" ማለት ሲሆን፣ በተርገበገበው "ውሻ" ማለት ነው። ብዙ የውጭ አገር ሰው በዚህ ድምፅ ወራት ይለፋል። አንባቢ ግን "በረረ" ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጥራ። ሁለት አንድ ዓይነት ፊደሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። የመጀመሪያው የስፓኒሽ ውሻ፣ ሁለተኛው የስፓኒሽ "ግን" ነው። ሁለቱም አፋችን ውስጥ ነበሩ።

ይሁንና ይህን ሀብት ፊደላችን አይጽፈውም። "ገና" ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን "ገና አልመጣም" የምንለውን የሚለይ ምልክት የለም፤ "አለ" ብለን ስንጽፍ መኖርን ይሁን መናገርን አይታወቅም። ማጥበቅና ማላላትን ያስተማረን የፊደል ገበታ አይደለም፤ የእናቶቻችን አፍ ነው። እንግዲህ በየመንገዱ የሚሸጡት ትንንሽ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት የሚያደርጉትን እናስብ። የባዕዱን ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፈው ያቀርቡልናል። "ፔሮ" ተብሎ ሲጻፍ ውሻው ከ"ግን" አይለይም። "አብሎ" ተብሎ ሲጻፍ፣ አጽንዖቱ መጀመሪያው ላይ ሲሆን "እናገራለሁ"፣ መጨረሻው ላይ ሲሆን "ተናገረ" መሆኑ አይታይም። "ፓፓ" በላቲን አሜሪካ አጽንዖቱ እንደ ወደቀበት ድንች ወይም አባባ ነው። እኛ ራሳችን እነዚህን ቃላት በዚህ ገጽ ላይ ስንጽፍ ልዩነቱን በአረፍተ ነገር ለማስረዳት መገደዳችንን አንባቢ ልብ ይበል።

በላቲን ፊደል ቢጻፍስ? ይህ ለእኛ ተማሪ የባሰ ነው፤ የላቲን ፊደል ያወቀው በእንግሊዝኛ በኩል ነውና። "ልጅ" የሚለውን የስፓኒሽ ቃል በጽሑፍ አይቶ "ሂጆ" ብሎ ያነባል፤ ትክክለኛው አነባበብ ግን "ኢኾ" ነው። (በዚህ "ኸ" ላይ ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኞቻችን ይበልጡናል።) "ፐ"ንና "ከ"ን ሲያይም በእንግሊዝኛ እንደ ለመደው ትንፋሽ ጨምሮ ይጠራቸዋል። ሊስከርና አብራምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 እንደ ለኩት፣ ከንፈር "ፐ" ብሎ ከተከፈተ በኋላ የድምፅ አውታሮች መርገብገብ እስኪጀምሩ በእንግሊዝኛ 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ በስፓኒሽ 10 እንኳ አይሞላም። ይህች የ50 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት በላቲን ፊደል አትጻፍም፤ ጆሮ ግን ይሰማታል። የጥንት ተርጓሚዎቻችን የግሪኩን "ፔትሮስ" በ"ጴ" እና በ"ጥ" "ጴጥሮስ" ብለው የጻፉት ይህችኑ የትንፋሽ አለመኖር ሰምተው ሳይሆን አይቀርም። ጆሯቸውን አምነዋል።

ስለዚህ ጽሑፉ ይዘግይ እንላለን። ለዘላለም ይቅር አላልንም። ድምፁ አንዴ ከተተከለ በኋላ የስፓኒሽ አጻጻፍ በጣም ሥርዓታዊ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይለመዳል።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚሰነዘረው የቆየ ተቃውሞ "ተማሪውን በቀቀን ያደርገዋል" የሚል ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየቋንቋ ቤተ ሙከራው ተማሪዎችን የጆሮ ማዳመጫ አስደርገው አንዱን ዐረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ያስደግሙ ለነበሩት ትምህርቶች ተቃውሞው ተገቢ ነበር። በቀቀን ግን የሰማውን ይመልሳል እንጂ ያልሰማውን አይመሠርትም። በጥሩ የድምፅ ትምህርት ውስጥ ተማሪው "አልገባኝም" እና "ስፓኒሽ ይናገራሉ?" የሚሉትን ካወቀ በኋላ "ስፓኒሽ አልናገርም" በል ይባላል፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ማንም አላሰማውም። ራሱ ይሠራዋል። ሁለተኛውን ተቃውሞ ግን እንቀበላለን፤ እርሱም ቅጂው ተማሪውን አይሰማም የሚለው ነው። በምሕንድስና ቋንቋ ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት ነው፤ ተማሪው ቢሳሳትም ባይሳሳትም ቅጂው ይቀጥላል። የተማሪውን ንግግር ሰምተው የሚመልሱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ዛሬ መጥተዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ያልተቋረጠ ኢንተርኔት ይሻሉ። ርካሹ መፍትሔ የራስን ድምፅ በስልክ ቀርጾ ከቅጂው ጋር ማስተያየት ነው። የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል፤ ይጠቅማልም።

ሌላው ጉድለት በሰሌዳው ላይ ይታያል። የግማሽ ሰዓት ትምህርት 5 ሰከንዱን፣ 25 ሰከንዱን፣ ሁለቱንና አሥሩን ደቂቃ በራሱ ይሸፍናል፤ የአንድ ቀኑን የነገው ትምህርት ይሸፍናል። የአንድ ሰዓቱና የአምስት ሰዓቱ ጥሪ ግን ከቅጂው ውጭ ይወድቃል። እነዚህን መሙላት የተማሪው ፋንታ ነው፤ አንዱን በታክሲ ሰልፍ፣ ሌላውን ከእራት በኋላ ወደ መኝታ ክፍል ሲመለስ፣ ስልኩን ሳይነካ፣ "ጠዋት ምን ምን አልኩ?" ብሎ ራሱን በመጠየቅ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

በማስታወቂያዎቹ "በአሥር ቀን ስፓኒሽ" የሚለውን ደግሞ ማንም አይመን። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ሲገምት ቆይቷል። (ለአማርኛ ይሰጥ የነበረው ግምት 1,100 ሰዓት ነው፤ ይህን ስናነብ ትንሽ ኮራ ማለታችን አልቀረም።) ሠላሳ የግማሽ ሰዓት ትምህርቶች 15 ሰዓት ናቸው፤ ከ600 ውስጥ 2.5 በመቶ። የሚገኙትም ቃላት ጥቂት መቶ ናቸው። እኛም በባልደረቦቻችን ላይ ስንሞክረው ጥያቄያችን በደንብ ይወጣ ነበር፤ መልሱ ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ይመጣብን ነበር። ሆኖም ያቺ 2.5 በመቶ የሚከብደውን ሥራ ሠርታለች፤ አፍን ከፍታለች።

አፍ መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ግማሹን ብቻ ቢናገርና ቀሪው እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ተማሪ 25 ሰከንድ ይደርሰዋል። በድምፅ ትምህርት ግን ከ30 ደቂቃው ሲሶውን ብቻ ቢናገር እንኳ 10 ደቂቃ፣ ማለትም 24 እጥፍ ይናገራል። ልዩነቱ የጊዜ ብቻ አይደለም። በክፍላችን ውስጥ ያቺን 25 ሰከንድም ቢሆን የሚጠቀሙባት ጥቂቶች መሆናቸውን የምናስተምር ሁሉ እናውቃለን። ከወደ ኋላ ሣቅ ይሰማል፤ ይሉኝታው አለ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎቻችን መልሱን እያወቁ ዝም ሲሉ እናያለን። በቅጂ ፊት የሚስቅ የለም። አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ፣ የፊዚክስ ጥያቄውን በትክክል ሠርቶ፣ "እንዴት እንደ ደረስክበት ለክፍሉ አስረዳ" ሲባል አንገቱን የሚደፋ ተማሪ በየዓመቱ እያየን ይህን እንደ ትንሽ ጉዳይ ማለፍ አንችልም።

የቀረን አንድ ችግር ነው፤ እርሱም የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያት ነው። በገበያ ላይ ያሉት የስፓኒሽ የድምፅ ትምህርቶች አብዛኞቹ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእኛ ተማሪ በዚያች የሦስት ሰከንድ ዝምታ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ይተረጉማል፣ ቀጥሎ ስፓኒሹን ይፈልጋል። ከዚህም የከፋ አለ። አስተማሪው በእንግሊዝኛ "ይገባሃል?" ብለህ ጠይቅ ሲል የእንግሊዝኛው ቃል ትልቅና ትንሽ፣ አንተና እርስዎ አይለይም። ስፓኒሽ ግን ይለያል፤ ለወዳጅ "ኤንትዬንዴስ"፣ ለሚከበር ሰው "ኤንትዬንዴ ኡስቴድ" ይላል። "ኡስቴድ" የመጣው "ቡኤስትራ ሜርሴድ" ከሚል የጥንት የአክብሮት አጠራር፣ "ጸጋዎ" እንደ ማለት፣ ስለ ሆነ ግሡ የሩቅ ሰው ግሥ ነው። እኛስ? "እርስዎ" የመጣው ከ"ርእስ" ነው፤ ግሡም እንዲሁ የሩቅ ነው፤ "እርስዎ ሄዱ" እና "እነሱ ሄዱ" በአንድ ግሥ ይነገራሉ። አስተማሪው በአማርኛ "ይገባዎታል ወይ ብለው ይጠይቋቸው" ቢል ተማሪያችን አንድ ቃል ሰዋስው ሳይማር "ኡስቴድ"ን በቦታው ያኖረዋል። እንግሊዝኛ መሐል ገብቶ የሸፈነብን ይህንን ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአማርኛ የሚያስተምር የስፓኒሽ የድምፅ ትምህርት ያዘጋጁ የሚል ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ የሚያስፈልገው 15 ሰዓት ቅጂ ነው። የቋንቋ ጥናት ትምህርት ክፍሎች የቃሉን ቅደም ተከተል ይነድፋሉ፤ የእኛና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች የጥሪዎቹን ሰሌዳ በኮምፒውተር ሊደለድሉና ቅጂውን ሊያጸዱ ይችላሉ፤ ለተመራቂዎች ከበቂ በላይ የሆነ የጥናት ርእስ ነው። ውድ መሣሪያ አያሻም። አንድ ጥሩ ማይክሮፎን፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጸጥ ያለ ክፍል (ብርድ ልብሱ የድምፅን ነጸብራቅ ይውጣል) እና ትዕግሥት ይበቃሉ። ሠርቶ የሚታይ ከሆነ ያው አሠራር ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛ፣ በውጭ አገር ለሚወለዱ ልጆቻችንም ለአማርኛ ይውላል።

ተናጋሪዎቹስ? ከኩባ የተመለሱት ወገኖቻችን አሉን። አብዛኞቹ ዛሬ በአምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው፤ ጡረታ የወጡም ብዙ ናቸው፤ በስፓኒሽ የሚያናግራቸው ሰው የሚያገኙት ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ይህ ድምፅ በአሥርና በሃያ ዓመት ውስጥ ካልተቀረጸ ኋላ የሚቀረጽ አይሆንም። የኩባ አነጋገር በቃል መጨረሻ ያለውን "ስ" ወደ ትንፋሽ ይለውጣል፤ "መጻሕፍቱ" ለማለት ማድሪድ "ሎስ ሊብሮስ" ሲል ሃቫና "ሎህ ሊብሮህ" ወደ ማለት ያዘነብላል፤ ለጀማሪ አይመችም የሚል ባለሙያ እንደሚነሣ እናውቃለን። በዝግታ ሲነገር "ስ"ው ስለሚመለስ እንቅፋቱ ትልቅ አይመስለንም፤ ምርጫውም ለእኛ አያጠራጥርም። እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም ቋንቋ በልጅነት አፋቸው ይዘውታል። አንዱ በአማርኛ ጠይቆ፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ፣ መልሱን ራሱ በስፓኒሽ ሊናገር ይችላል።